ሠላሳ አንድ ሊትር

መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይገባል?

እህቱ ይህን የጠየቀችው የሥራ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ሳሎኑ መሀል ቆማ ነው። ከፊቷ አንድ ሜትር ከሃያ የሚረዝም ባዶ የመስታወት ገንዳ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከገንዳው ወዲያ ታናሽ ወንድሟ ቆሞ ፈተና ክፍል እንደገባ ተማሪ ብዕር ያሽከረክራል።

የውሃውን መንገድ ያውቀዋል። ውሃው ከላይኛው ገንዳ ሞልቶ ሲተርፍ በቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥሩ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ የተደበቀው ትንሽ ገንዳ ይቀበለዋል፤ እዚያ ይጣራል፣ ይሞቃል፤ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀን ከሌት እንዲህ ይዞራል። ፓምፑ ሲቆም ደግሞ ከላይኛው ገንዳ የተወሰነ ውሃ ወደ ታች ይመጣል። ስንት? እዚህ ላይ ነው አፉ የሚያያዘው።

«የተወሰነ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል» አለ።

«የተወሰነ ስንት ነው?»

«ትንሽ ነው እትዬ።»

«እኔ ሥራ ቦታ ‹ትንሽ ደም ፈሰሳት› ብሎ የሚነግረኝ ሰው የለም። ስንት እንደሆነ ነው የሚነግሩኝ።»

እህቱ አዋላጅ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ፈሰሰ ሲሏት ስትሮጥ ኖራለች። እሷ ራሷ እንደምትለው፣ ለዚያ የሚከፍሏት እዚያ ነው፤ ቤቷ ገብታ ደግሞ ለውሃ መሮጥ አትፈልግም። በተለይ እዚህ ሳሎን ውስጥ። ወለሉን አባታቸው ናቸው ያነጠፉት። በእረፍት ቀናቸው ብቻ እየሠሩ ሦስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ እያንዳንዷን ጣውላ አሽተው፣ ሰም ቀብተው፣ ከጎረቤቷ ጋር አጋጥመው። ካለፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። እሷ ግን እስከዛሬ ድረስ ጫማዋን ሳታወልቅ አትረግጠውም።

«እንግዲህ ስማኝ ሊቁ» አለችው። ከውጭ አገር ከተመለሰ ጀምሮ ሊቁ ነው የምትለው፤ አንዳንዴ በፍቅር፣ ብዙ ጊዜ በሌላ። «እሁድ ከሰዓት እረፍት ነኝ። በቧንቧ ውሃ ሞልተህ ታሳየኛለህ። ስፒናውን የምነቅለው እኔ ነኝ። የአባባ ወለል ላይ አንዲት ጠብታ ካየሁ ወይም አንተ ሮጠህ ያዳንከው ከሆነ ሰኞ ገንዳው ይወጣል። አንተም ሌላ የምትጀምረው ነገር ትፈልጋለህ።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ቀስ ብላ ነው ያለቻት፤ ግን ቦታዋን አልሳተችም። እሱ በዚህ ቤት ውስጥ በጀማሪነቱ የታወቀ ነው። ሁለት ክር የቀረው ጊታር ከአልጋው ሥር ተኝቷል። ብስክሌቱ ተፈታትቶ በሦስት ካርቶን ተቀምጧል። የውጭው በር አንደኛው ክንፍ የሚያምር አረንጓዴ፣ ሌላኛው ዝገት ነው፤ ጎረቤቶች ለእንግዳ አቅጣጫ ሲያሳዩ «በግማሽ የተቀባው በር» ይላሉ። እህቱ እነዚህን እየቆጠረች ትስቅባቸዋለች። ትምህርቱን ብቻ አትቆጥርም። ባሕር ማዶ ሄዶ አምስት ዓመት ስለ ኮራል፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር የባሕር እንስሳ፣ ሲያጠና ከርሞ አንድ ምዕራፍ ሲቀረው ሻንጣውን አዝሎ የመጣ ቀን፣ «ራት አለ» ብቻ ነው ያለችው። አለመቁጠሯ ከቆጠረችው ሁሉ ይበልጥ ይቆጠቁጠዋል።

ጥያቄዋን ሌላም ሰው ጠይቆት ያውቃል። እዚያ በተማረበት ቤተ ሙከራ ሽማግሌው መምህሩ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሳይናገሩ ከኋላ መጥተው የትልቁን ፓምፕ ስፒና ይነቅሉና በአጠገባቸው ለቆመው ተማሪ «አሁን ስንት ሊትር እየወረደ ነው?» ይሉታል። ሌሎቹ ቁጥር ይናገራሉ። እሱ ሁልጊዜ «በግምት» ብሎ ነበር የሚጀምረው። መምህሩ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። «ውሃ ግምት አያውቅም። አስበህ ና።» አስቦ ሳይመጣ አገሩ ገባ። ከሄደ በኋላ መምህሩ ጽፈውለት ነበር፦ አንድ ምዕራፍ ነው የቀረህ፣ የት ነህ? እሱም አልመለሰም። አንድ ቀን ያልመለሱት ደብዳቤ ሳምንት ሲሆነው ይከብዳል፤ ሁለት ዓመት ሲሆነው ደግሞ ማንሳቱም ያስፈራል።

በማግስቱ አጎቱን ጠራ።

አጎቱ የእናቱ ወንድም ናቸው፤ አርባ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ። ሰው ሁሉ ጋሽ ጎሚቶ ነው የሚላቸው። ጎሚቶ ማለት ቧንቧ የሚታጠፍበት ክርን መሳይ ዕቃ ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው ከጣሪያ ወድቀው ግራ ክርናቸው እንደታጠፈ ስለቀረ፣ ስሙ የሥራቸውም የእጃቸውም ሆነ። አልከፋቸውም። «የኔ አይፈስም» ይላሉ ክርናቸውን መታ መታ እያደረጉ።

«እስቲ ባሕርህን አምጣው» አሉ ገና ከበር ሲገቡ፣ ጫማቸውን እያወለቁ።

ንድፉ ያለበትን ወረቀት ወለሉ ላይ ዘረጋው፤ አራቱን ማዕዘን በቁርጥራጭ ቧንቧ አስያዘው። አጎቱ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አወረዱና ተንበረከኩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«መትረፊያዋ ናት ጋሼ። ውሃው ከዚህ በላይ ከፍ አይልም። በዚህ ግድግዳ አናት ተሻግሮ በዚህ ቧንቧ ይወርዳል።»

«ቀንድ አውጣ ገብቶ ቢወተፍበትስ? ቀንድ አውጣ አስገባለሁ ብለህ የለ።»

«ለሱ ሁለተኛ ቧንቧ አለ። ከዋናው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ዋናው ሲደፈን እሱ ይቀበላል።»

«ተጠባባቂ አስቀምጠሃል።» አጎቱ ቅንድባቸውን አነሱ። «ይሄን ያስተማረህ ሰው አንድ ቀን ቤቱ ጎርፎበታል።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወደ ስሌቱ ገቡ። የላይኛው ገንዳ ርዝመት መቶ ሃያ፣ ወርዱ ስድሳ፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ሰባት ነጥብ ሁለት ሊትር ውሃ ትይዛለች። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ከመትረፊያው ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ፓምፑ ሲቆም ያ ይወርዳል፤ አሥራ አራት ሊትር ግድም። ከመትረፊያው ግድግዳ ጀርባ ያለው አሥራ ሁለት። ቧንቧዎቹ ውስጥ የቀረው አራት ተኩል። ብዕሩ ቆመ።

«ሠላሳ አንድ» አለ ቀስ ብሎ። «ሠላሳ አንድ ሊትር።»

«በግምት?» አሉ አጎቱ።

«በግምት አይደለም።»

ራሱን ገረመው። አምስት ዓመት ያላለውን ቃል ነው ያለው፤ ያውም ወለል ላይ ተቀምጦ፣ በካልሲ።

የታችኛው ገንዳ ለዚህ ሰፊ ነው። ፓምፑ እየሠራ ውሃው ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል፤ ሠላሳ አንድ ሊትር ሲጨመርበት ሠላሳ ይደርሳል፤ ጠርዙ አርባ ነው። ነገር ግን አንድ ጣጣ ነበረው። ፓምፑ ውሃ የሚያወጣበት ቧንቧ ላይኛው ገንዳ ውስጥ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ነው አፉን የሚከፍተው። ፓምፑ ሲቆም ያ አፍ ማውጫ መሆኑ ቀርቶ መምጠጫ ይሆናል፤ ውሃው ራሱን እየጎተተ በመጣበት ይመለሳል፤ አፉ አየር እስኪነካ ድረስ አይቆምም። ያ ማለት ከመቶ ሊትር በላይ፣ ያ ማለት የአባባ ወለል።

«እሱማ ቀላል ነው» አሉ አጎቱ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የነሐስ ቫልቭ ነበር፤ የጥንት ሥራ፣ ከባድ፣ እንደ ቀለበት የሚያበራ። «ዘበኛ እለዋለሁ እኔ። ውሃ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አያሳልፍም። እንዲህ ያለው አሁን አይሠራም። ለሚገባው ሰው ብዬ ስንት ዓመት አስቀምጬዋለሁ።»

ወጣቱ ቫልቩን ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው።

«ጋሼ፣ ነሐስ ውስጥ መዳብ አለ። ጨው ውሃ ይበላዋል። የተበላው ውሃው ውስጥ ይገባል። ቀንድ አውጣውም ኮራሉም በሳምንት ያልቃሉ።»

«አርባ ዓመት ሰው ያጠጣሁበት ነው።»

«ሰውማ ጠንካራ ነው።»

«እንግዲህ» አሉ አጎቱ፣ «ሰው የማይሞትበት ቀንድ አውጣ ይሞትበታል። አንተ ተምረሃል። የፕላስቲክ ዘበኛ እናድርግለታ።»

«እሱም ውሎ ሲያድር ኖራ ይይዘዋል፤ ግማሹ ተከፍቶ ይቀራል። ዘበኛው ይተኛል።»

«ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቅ?»

መልሱን ያውቀዋል። በቧንቧው ላይ፣ ከውሃው ወለል ዝቅ ብላ፣ የእርሳስ ውፍረት እንኳ የማትሞላ ቀዳዳ መብሳት ነው። ውሃው ወርዶ ቀዳዳዋ ስትጋለጥ አየር ትስባለች፤ አየር የገባበት ቧንቧ ውሃ መጎተት ያቆማል። አትዝግም፣ አትተኛም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የላትም። ሊናገር አፉን ከፈተና ዘጋው። አጎቱ ነሐሱን መልሰው በጨርቁ እየጠቀለሉ ነበር፤ ሕፃን እንደሚጠቀለል፣ ጠርዝ በጠርዝ። ስጦታ መልሶባቸዋል። አሁን ደግሞ አርባ ዓመት ቀዳዳ ሲደፍኑ የኖሩን ሰው «ቧንቧዎት ላይ ቀዳዳ እበሳለሁ» ይበላቸው?

«ላስብበት ጋሼ» አለ።

ነገሩን ያበላሸው ይሄ ነው። የቀረው ሁሉ እንደሚገባው ነበር የሄደው።

ሦስት ቀን፣ ከሰዓት ከሰዓት እየተገናኙ ሠሩ። አጎቱ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። መጀመሪያ ሁሉን ያለ ማጣበቂያ ያጋጥማሉ፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ በእርሳስ አንዲት መስመር ያሰምራሉ፤ ከዚያ ይፈቱና ሲያጣብቁ መስመሯ ከመስመሯ እስክትገናኝ ያዞራሉ። ማጣበቂያ ሲይዝ ሰው አይጠብቅም፤ እስከ አሥር ሳይቆጠር ይደርቃል። ሁለቱ ተቀባብለው ሲሠሩ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚጨፍሩ ይመስሉ ነበር። ሲያልቅ አጎቱ አውራ ጣታቸውን በቧንቧዎቹ ሁሉ ላይ ከላይ እስከ ታች እየጎተቱ ሄዱ፤ ሻካራ ያገኙበትን በብርጭቆ ወረቀት አሹት።

«እኔ የሠራሁት ቧንቧ ላይ ሰው ቀዳዳ ካገኘ» አሉ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ያን ቀን ዕቃዬን ሰብስቤ እሸጣለሁ።»

አርብ አጎቱ ከሄዱ በኋላ መሰርሰሪያውን አወጣ። ልኩን ሦስት ጊዜ ለክቶ ቀዳዳዋን በሳ። ትንሽ ነጭ ፍርፋሪ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ በጣቱ ለቅሞ ኪሱ ከተተ። እሁድ ሲያዩት ይገባቸዋል ብሎ ራሱን አሳመነ። ቅዳሜ የጨው ካርቶኖቹን ሊያመጣ ሄዶ ከሰዓት ተመለሰ። ሶፋው ላይ የአጎቱ ኮፍያ ነበረ። ትናንት ረስተውት ይሆናል ብሎ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለው።

እሁድ እህቱ ወንበር ስባ ከቁም ሳጥኑ ፊት ተቀመጠች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። አጎቱ ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ገንዳው ሞልቷል፣ ፓምፑ በዝግታ ያጉረመርማል፣ ውሃው ይዞራል። የታችኛው ገንዳ መስታወት ላይ፣ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ወንድሟ ቀይ ተለጣፊ ላስቲክ ለጠፈ።

«ስንት ይወርዳል ብለሽኝ ነበር» አላት። «ሠላሳ አንድ ሊትር። እዚህች ላስቲክ ጋ ይቆማል።»

እህቱ ቀና ብላ አየችው፤ እንዲህ ሲናገር ሰምታው የማታውቅ ይመስል።

«በቃ?» አለች።

«በቃ። ንቀይው።»

ስፒናውን ነቀለች።

ማጉረምረሙ ቆመ። ውሃው መውረድ ጀመረ። ሃያ አራት። ሃያ ሰባት። ሠላሳ፤ ላስቲኳን ነካ፤ አልፏት ሄደ። እሱ ወደ ላይኛው ገንዳ ዘወር አለ። ቀዳዳዋ ከውሃው በላይ መውጣት፣ አየር መሳብ፣ ማፏጨት ነበረባት። ፀጥ ብላለች። ሠላሳ ሦስት። ቧንቧውን ትኩር ብሎ አየው። ቀዳዳዋ በነበረችበት ቦታ ከሌላው ፈዘዝ ያለች ክብ ምልክት አለች፤ ተደፍና፣ ደርቃ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽታ፣ ለስልሳ። እንዲህ አድርጎ የሚያለሰልስ አውራ ጣት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሠላሳ ስድስት። ተንበርክኮ እጁን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰደደና የፓምፑ ቧንቧ ላይ ያለውን መዝጊያ ቫልቭ አዞረው። ውሃው ከጠርዙ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ።

ወለሉ ደረቅ ነው።

«አንተ ባትኖርስ?» አለች እህቱ።

አጎቱን አላያቸውም። ቢያያቸው እሷም ታያቸው ነበር። «ስሌቱ ላይ ተሳሳትኩ እትዬ» አለ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «እሺ» አለች፤ በግማሽ የተቀባውን በር ስትከፍት የምታወጣት ዓይነት እሺ። ተነስታ ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች። «ነገ የሚያግዝህ ሰው ፈልግ። ከባድ ነው፣ ለብቻህ እንዳታነሳው።»

«ቆይ ልጄ» አሉ ጋሽ ጎሚቶ። «ተቀመጪ።»

«ጋሼ ይተዉት» አለ እሱ።

«አንተ ዝም በል። ስሌቱ ልክ ነው። አብረን ነው የሠራነው።» ከግድግዳው ተላቀው መጡ። «ትናንት መጥቼ ነበር። ቁልፍ አለኝ፣ ታውቂያለሽ። ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ ቧንቧዎቼን አንዴ ሳልዳስስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስዳስስ አንዷ ተበስታለች። መሰርሰሪያ ሸርተት ብሎበት ነው፣ ደንግጦ ደብቆኝ ነው ብዬ ደፈንኩለት። ሰው ሳያይበት ብዬ።»

«ማን እንዳያይበት?»

«አንቺ ነሻ። ሌላ ሰው የት አለ።»

እህቱ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አውቀህ ነው የበሳሃት?»

«አውቄ ነው። ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ነበረች።» ተነስቶ አሳያቸው፤ ውሃው እስከየት እንደሚወርድ፣ ቀዳዳዋ ስትጋለጥ አየር እንዴት እንደምትስብ፣ ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ እንኳ ለምን እንደማትጎተት። አጎቱ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ቧንቧውን እየነኩ ሰሙት። ሲጨርስ እርሳሱን መልሰው ጆሯቸው ላይ ሰኩት።

«እና ይሄን ሁሉ እያወቅክ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነሐሱን መለስኩብዎት። እሱ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ስልዎት…»

«አየሽው» አሉ አጎቱ ለእህቱ። «ባሕር ማዶ ልከው አስተምረውት፣ ለሽማግሌ አዝኖ ምላሱን ይውጣል። አሁንም እኮ ላንቺ ሊዋሽልኝ ነበር። ያውም ገንዳው ሊወጣበት።»

«ሁለታችሁም ያው ናችሁ» አለች። «አንዱ ቀዳዳ ይደብቃል፣ አንዱ ይደፍናል። እየተዛዘናችሁ የአባባን ወለል ልታሰምጡት ነበር።» ግን ወንበሩን መልሳ ሳበችው።

ጋሽ ጎሚቶ እጃቸውን ዘረጉ። «መሰርሰሪያውን አምጣ።»

«እኔ ልብሳት ጋሼ።»

«እኔ ነኝ የደፈንኳት።»

ልኩን እሱ አመለከታቸው። አጎቱ ቧንቧውን በታጠፈው ክንዳቸው አቅፈው፣ በቀኛቸው መሰርሰሪያውን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ከዚያ በሱ። ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት አሿት፤ ልማድ ነው። አውራ ጣታቸውን አሳለፉባት። «አርባ ዓመት» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

ፓምፑ ተነሳ። ከአዲሷ ቀዳዳ ቀጭን ውሃ ገንዳው ውስጥ ስትፈስ ይታያል። እህቱ ስፒናውን ነቀለች። ውሃው ወረደ፤ ሃያ አራት፣ ሃያ ሰባት። ከላይ አንድ ጉርጉርታ ተሰማ፤ ከዚያ ረጅም ፉጨት፤ ጡቱን የጨረሰ ሕፃን የሚያሰማው ዓይነት፣ አለች እህቱ። ውሃው የቀይዋን ላስቲክ የታች ጠርዝ ነክቶ ቆመ።

አንድ ደቂቃ ጠበቁ። ሁለት። አልነቃነቅም አለ።

«ሰካው» አለች። ሰካው። ነቀለችው። ላስቲኳ ጋ ቆመ። «ደግመህ ሰካው።» ሦስት ጊዜ ነቀለች፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው። በመጨረሻ ተንበርክካ መዳፏን ከቁም ሳጥኑ ሥር ባለው ጣውላ ላይ ዘርግታ አስቀመጠችና አነሳችው፤ ገልብጣ አየችው። ደረቅ ነው።

«በሩንስ?» አለች ስትነሳ።

«የቱን በር?»

«ግራ ክንፉን።»

ጋሽ ጎሚቶ እስኪያስላቸው ሳቁ። የነሐሱን ዘበኛ በሚቀጥለው ሳምንት አምጥተው ጓሮ ካለው የመጠጥ ውሃ መስመር ላይ ገጠሙት። ማንም አላዘዛቸውም። ሲያልፉ ሲያገድሙ በእጅጌያቸው ይወለውሉታል።

ጨው ገባ፤ ድንጋይ ገባ፤ ከሁለት ወር በኋላ ቀንድ አውጣዎቹ ገቡ። አውራ ጣት የምታህል ኮራል ድንጋይ ላይ ተለጥፋ መጣች፤ አራት ቀን ተኮራምታ በአምስተኛው ተከፈተች። እህቱ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ መጀመሪያ የምታየው እሷን ሆነ። «ዛሬስ እንዴት አደረች?» ትላለች፤ በሽተኞቿን ስትጠይቅ በምትለው ድምፅ።

አንድ ቀን ከሰዓት እሱ ገበያ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

«ጠፋ» አለች እህቱ።

«ምኑ?»

«መብራቱ። የሰፈሩ ሁሉ።»

«ስንት ላይ ቆመ?»

«ቆይ ልየው።» የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት ተሰማው። እግሯ በካልሲ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ተሰማው። «ላስቲኳ ላይ» አለች። «እዚያው ላይ። እኔ አልነካሁም፤ ማንም አልነካም።» የቁም ሳጥኑ በር ሲዘጋ ተሰማው። «ስትመጣ ለበሩ ቀለም ገዝተህ ና።»

ስልኩን ዘግቶ ከአንድ የቀለም ሱቅ በረንዳ ሥር ቆመ። ሁለት ዓመት ያልመለሰውን ደብዳቤ እዚያው ስልኩ ላይ ከፈተ። አንድ ምዕራፍ ነው የቀረህ፣ የት ነህ? ከሥሩ ነጩ ባዶ ቦታ እንደነበረ ነው። ረጅም ይቅርታ ጀመረና አጠፋው፤ ሌላ ጀመረና አጠፋው። በኋላ የጻፈው ይህን ነው፦

«መምህር፣ ቤቴ ነኝ። መብራት ጠፍቷል። ሠላሳ አንድ ሊትር ወርዶ ቆሟል፤ በግምት አይደለም። የቀረውን ምዕራፍ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ይቀበሉኛል?»

ላከው። መድረሱን ስልኩ አሳየው። አረንጓዴ ቀለም ገዝቶ ወደ ቤት ሄደ፤ ግራውን ክንፍ በሁለት ቀን ቀብቶ ጨረሰ፤ ማታ ማታም ወረቀቶቹን አውጥቶ ምዕራፉን ጀመረ። ከመምህሩ በዚያ ሳምንት መልስ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።